ለድምፅ የታጨ ምክትል፦ የተጣማሪ ዕጩ አመራረጥ በኬንያና በማላዊ ተሞክሮ ሲመዘን

መግቢያ

ፕሬዝዳንታዊ ሥርዓት በሚከተሉ በርካታ አገሮች ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደር ሰው ከምርጫው አስቀድሞ ምክትሉን ያጫል፤ ሁለቱም በአንድነት ለመራጩ ይቀርባሉ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ዕጩ ምክትል «ተጣማሪ ዕጩ» ይለዋል። ተጣማሪው ለብቻው አይመረጥም፤ ለብቻውም አይወድቅም። ፕሬዝዳንቱን የመረጠ ሁሉ ወደደም ጠላም ምክትሉንም መርጧል። ፕሬዝዳንቱ በሞት፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ከመንበሩ ቢጎድል ግን አገሪቱን የሚረከበው ይኸው ለብቻው ተመዝኖ የማያውቅ ሰው ነው።

ስለ ተጣማሪ ዕጩ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ከምርጫው ዕለት በፊት ባለው ጊዜ ላይ ነው። ከየትኛው አካባቢ፣ ከየትኛው ብሔር ወይም ሃይማኖት ቢመረጥ ስንት ድምፅ ያስገኛል የሚለው ጥያቄ የጋዜጣውንም የፓርቲውንም ጉባኤ ይይዛል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ከምርጫው ዕለት በኋላ ያለውን ይመለከታል። ምክትሉ የአንድን አካባቢ ድምፅ ይዞ ስለሚመጣ ብቻ ሲታጭ፣ ያ ያሳጨው ኃይል በማግሥቱ መጠርጠሪያው ይሆናል። ሕጉ ወንበሩን አጽንቶ ሥራውን ለፕሬዝዳንቱ ፈቃድ ሲተወው ደግሞ፣ ሊሰናበት የማይችል ሥራ ፈት ባለሥልጣን ይፈጠራል። ስለዚህ መፍትሔው «የተሻለ ሰው ይታጭ» በሚል ምክር ብቻ አይገኝም፤ ዕጩነቱ ከታወቀ ሥራ ጋር እንዲተሳሰር ማድረግን ይጠይቃል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑት በዋናነት ኬንያና ማላዊ ሲሆኑ፣ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ፣ ታንዛኒያና አሜሪካ ለማነጻጸሪያ ይነሣሉ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የድምፅ ስሌትና ወሰኑ

ተጣማሪ ዕጩ ከትውልድ ቦታው ድምፅ ያመጣል የሚለው እምነት የቆየ ነው። ስለ አሜሪካ ምርጫዎች ያጠኑት ክሪስቶፈር ዲቫይንና ካይል ኮፕኮ ግን፣ ምክትሉ በተወለደበት ወይም ባገለገለበት ክፍለ ግዛት የሚያስገኘው ብልጫ በአብዛኛው ከኢምንት የማያልፍ መሆኑን አሳይተዋል። በአንጻሩ ይኸው ምክትል የፕሬዝዳንትነትን ሥልጣን የሚረከብበት ዕድል ኢምንት አይደለም። በአሜሪካ ታሪክ ዘጠኝ ምክትል ፕሬዝዳንቶች በዘመነ ሥልጣን መካከል ወደ ፕሬዝዳንትነት ተሸጋግረዋል፤ ስምንቱ በፕሬዝዳንቱ ሞት፣ አንዱ በፕሬዝዳንቱ ስንብት ምክንያት።

ይህን የአሜሪካ ግኝት እንዳለ ወደ አፍሪካ ማዛወር ግን ስሕተት ላይ ይጥላል። የፖለቲካ ድጋፍ በአካባቢና በማኅበረሰብ መሪዎች ዙሪያ በሚሰበሰብበት አገር ምክትሉ በእርግጥም ድምፅ ሊያመጣ ይችላል፤ ቢያንስ ተወዳዳሪዎቹ እንደሚያመጣ ያምናሉ። የኬንያ የ2022 ምርጫ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ዊሊያም ሩቶ ሜይ 15 ቀን ሪጋቲ ጋቻጉዋን፣ ራይላ ኦዲንጋ በማግሥቱ ማርታ ካሩዋን ተጣማሪ አድርገው አቀረቡ። ሁለቱም ተጣማሪዎች የተገኙት ከኬንያ ተራራ አካባቢ ነው። በወቅቱ ሥልጣናቸውን የሚያስረክቡት ኡሁሩ ኬንያታ የዚያው አካባቢ ሰው ነበሩ፤ የመራጩ ቁጥር ብዙ ነው፤ ከዋናዎቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች አንዳቸውም የዚያ አካባቢ ተወላጅ አልነበሩም። ስለዚህ የምክትልነቱ ወንበር ለዚያ አካባቢ የቀረበ እጅ መንሻ ሆነ። ኦገስት 9 ቀን በተካሄደው ምርጫ ሩቶ 50.49 በመቶ፣ ኦዲንጋ 48.85 በመቶ አገኙ። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ በሆነበት ምርጫ ድምፅ አመጣሁ የሚል ምክትል ውለታውን ቢቆጥር አያስደንቅም።

የኦዲንጋ ጥምረት ዕጩዎችን የሚመረምር ቡድን አቋቁሞ ቃለ መጠይቅ ማድረጉ እንደ መልካም ጅምር ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በሁለቱም ወገን ሹመቱ ይፋ የሆነው ምርጫ አስፈጻሚው አካል ባስቀመጠው ቀነ ገደብ ማብቂያ ላይ ነበር። መራጩ ሊረከበው የሚችለውን መሪ ለመመርመር የተረፈው ጊዜ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም።

ያሳጨው ነገር ሲያስከስሰው

ጋቻጉዋ በሴፕቴምበር 2022 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሁለት ዓመት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ኦክቶበር 8 ቀን 2024፣ የኬንያ ብሔራዊ ምክር ቤት በ281 ድምፅ ከሥልጣን እንዲነሡ ወሰነ። ኦክቶበር 17 ቀን ሴኔቱ ከቀረቡት አሥራ አንድ የክስ ነጥቦች አምስቱን አጽንቶ ከሥልጣን አወረዳቸው። በ2010 የወጣው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ምክትል ፕሬዝዳንት በዚህ መንገድ ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር።

ከጸኑት የክስ ነጥቦች መካከል ለዚህ ጽሑፍ ትልቅ ትርጉም ያለው የመጀመሪያው ነው። ምክትል ፕሬዝዳንቱ መንግሥትን በአክሲዮን ማኅበር መስለው፣ ድምፁን የሰጠ አካባቢ እንደ ባለ አክሲዮን ድርሻው ቀድሞ ሊደርሰው ይገባል የሚል ንግግር በተደጋጋሚ አድርገው ነበር። ይህ ንግግር የአገር አንድነትን የሚጎዳና ዜጎችን የሚያበላልጥ ነው ተብሎ ተከሰሱበት። ንግግሩ በእርግጥም ለአንድ የአገር መሪ የሚገባ አልነበረም። ሆኖም ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። በሜይ 2022 ጋቻጉዋ ሲታጩ ሥራ ላይ የዋለው አመክንዮ ይኸው የአክሲዮን አመክንዮ አልነበረምን? አካባቢው ድምፁን ያዋጣል፤ በምትኩ ወንበር ይሰጠዋል። ምክትሉ በኋላ ያደረጉት በዝግ ቤት የተፈጸመውን ስምምነት በአደባባይ መናገር ነበር። ያጨቻቸው ፖለቲካ የጠየቀችው ባሕርይና ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው ባሕርይ አልተገናኙም።

የተተኪው አመራረጥም ይህንኑ ያሳያል። በጋቻጉዋ ቦታ የተሾሙት ኪቱሬ ኪንዲኪ በ2022ም ለዚሁ ቦታ ስማቸው በብርቱ ሲነሣ የነበረ ሰው ናቸው፤ የተገኙትም ከዚያው ከኬንያ ተራራ አካባቢ ነው። ሰውየው ተለወጠ፤ ስሌቱ ግን እንዳለ ቀጠለ።

ጉዳቱ በሁለት ፖለቲከኞች መካከል ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የተመራማሪን ትኩረት ባልጠየቀ ነበር። አንድ ሕዝብ «በመንግሥት ውስጥ ያለኝ ድርሻ ይህ ሰው ነው» ተብሎ ድምፁን ሲሰጥ፣ የሰውየው መባረር የሕዝቡ መባረር ሆኖ ይሰማዋል። የግለሰብ ጥፋት በግለሰብ ደረጃ ሊታይ አይችልም፤ ክሱ ሁሉ በአካባቢው ላይ የተሰነዘረ ይመስላል። በምርጫ ግጭት የተጎዳ ታሪክ ላለው አገር ይህ ቀላል አደጋ አይደለም።

የጸና ወንበር፣ ያልጸና ሥራ

የኬንያ ሕገ መንግሥት ስለ ምክትል ፕሬዝዳንቱ የሚለውን ስንመረምር አንድ አለመመጣጠን እናገኛለን። በአንቀጽ 148 እያንዳንዱ የፕሬዝዳንትነት ዕጩ ለፕሬዝዳንትነት ብቁ የሆነ ሰው ተጣማሪ አድርጎ ያቀርባል። በአንቀጽ 150 ምክትሉ ሊነሣ የሚችለው ለሥራ ብቁ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ወይም በምክር ቤቶቹ ክስ ብቻ ነው፤ ፕሬዝዳንቱ በቃል ወይም በደብዳቤ ሊያሰናብተው አይችልም። ሥራውን በሚመለከተው አንቀጽ 147 ግን ምክትሉ የፕሬዝዳንቱ ዋና ረዳት መሆኑ ይገለጽና፣ ሕገ መንግሥቱ ከሰጠው በተጨማሪ ፕሬዝዳንቱ የሚመድብለትን ተግባር ያከናውናል ይላል። በካቢኔውና በብሔራዊ የጸጥታ ምክር ቤቱ ያለው መቀመጫ በሕግ የተረጋገጠ ነው። ከዚያ የቀረው፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ሥራው፣ ፕሬዝዳንቱ ሲወድ የሚሰጠውና ሲከፋው የሚነፍገው ነው።

ወንበሩን ማጽናት በራሱ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ከ2010 በፊት የኬንያ ፕሬዝዳንት ምክትሉን እንደ ፈለገ ይሾምና ይሽር ነበር። ፕሬዝዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ከ1998 መጀመሪያ አንሥቶ ከአንድ ዓመት በላይ ቦታውን ባዶ እስከ መተው ደርሰዋል። አዲሱ ሕግ ይህን ዘመን ዘጋ፤ ሥራውን ግን በአሮጌው ልማድ ተወው።

ውጤቱ ገና ጋቻጉዋ ሳይመጡ ታይቷል። ኡሁሩ ኬንያታና ዊሊያም ሩቶ በ2013 ተጣምረው አሸነፉ፤ በ2017ም እንዲሁ። በማርች 2018 ኬንያታ ከተቀናቃኛቸው ከኦዲንጋ ጋር እጅ ከተጨባበጡ በኋላ ግን ምክትሉ ከመሪነቱ ክበብ ቀስ በቀስ ወጡ። በጃንዋሪ 2019 በወጣ የፕሬዝዳንት ትእዛዝ የመንግሥት መርሐ ግብሮችን የማስተባበር ኃላፊነት ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለፍሬድ ማቲያንጊ ተሰጠ። ሩቶ ግን አልተሰናበቱም፤ ሊሰናበቱም አይችሉም ነበር። በምክትልነት ማዕርግ ተቀምጠው የተቃዋሚ ሥራ ሠሩ፤ በ2022ም የገዛ ፕሬዝዳንታቸው የደገፉትን ዕጩ አሸነፉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አገሪቱ አንድ ሆኖ የሚሠራ ሥራ አስፈጻሚ አልነበራትም።

ማላዊ ይህንኑ በይበልጥ ተደጋጋሚ መልኩ ታሳየናለች። በዚያም ምክትሉ ከፕሬዝዳንቱ ጋር በአንድ ወረቀት ይመረጣል፤ ፕሬዝዳንቱም ሊሽረው አይችልም። በ2004 ቢንጉ ዋ ሙታሪካ ከካሲም ቺሉምፋ ጋር ተመረጡ። ፕሬዝዳንቱ በማግሥቱ ዓመት ያስመረጣቸውን ፓርቲ ትተው የራሳቸውን ሲመሠርቱ ምክትሉ በቀድሞው ፓርቲ ቀሩ፤ በ2006 በአገር ክሕደት ተከሰው ታሰሩ። በ2009 ሙታሪካ ጆይስ ባንዳን ተጣማሪ አድርገው ተመረጡ፤ በ2010 መጨረሻ ባንዳ ከፓርቲው ተባረሩ፤ ምክትልነታቸው ግን ቀጠለ። በ2014 ፒተር ሙታሪካ ከሳውሎስ ቺሊማ ጋር አሸነፉ፤ በ2018 ቺሊማ ተለይተው የራሳቸውን እንቅስቃሴ መሠረቱ። በ2020 ዳግም በተካሄደው ምርጫ ቺሊማ የላዛረስ ቻክዌራ ተጣማሪ ሆነው ተመለሱ፤ በጁን 2022 ፕሬዝዳንቱ ከሙስና ክስ ጋር በተያያዘ ለምክትላቸው ሥራ መመደብ ማቆማቸውን ይፋ አደረጉ። ፓርቲዎቹ፣ ሰዎቹና የጠቡ ሰበቦች የተለያዩ ናቸው። አራት ጥምረት በአራት ምክንያት ሲፈርስ ግን ጥፋቱን በሰዎቹ ጠባይ ብቻ ማመካኘት የሚያረካ ትንተና አይሆንም።

የመረከቢያው ዕለት

በፕሬዝዳንቱና በምክትሉ መካከል ያለው መቃቃር ዋጋው የሚታወቀው ፕሬዝዳንቱ በድንገት ሲጎድል ነው። ቢንጉ ዋ ሙታሪካ ኤፕሪል 5 ቀን 2012 አረፉ። ሞታቸው ወዲያው በይፋ አልተነገረም። አንዳንድ ሚኒስትሮች ጆይስ ባንዳ የራሳቸውን ፓርቲ ስለ መሠረቱ ሥልጣን ሊረከቡ አይገባም ብለው በአደባባይ ተከራከሩ። ሠራዊቱ ከሕገ መንግሥቱ ጎን በመቆሙ ባንዳ ኤፕሪል 7 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በእነዚህ ሁለት ቀናት ውስጥ የአገሪቱ ዕጣ የተንጠለጠለው ከአንድ ዓመት በላይ ከመንግሥት ሥራ ተገልላ በቆየች ምክትል መብት ላይ ነበር። ሕጉ ወንበሩን ባያጸና ኖሮ ያ መብት አይኖርም ነበር፤ ሕጉ ሥራውንም አጽንቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አጨቃጫቂ አይሆንም ነበር።

በናይጄሪያ ፕሬዝዳንት ኡማሩ ያራዱዋ በኖቬምበር 2009 ለሕክምና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሄዱ ሥልጣናቸውን ለጊዜው የሚያስተላልፈውን ደብዳቤ ለምክር ቤቱ አልላኩም። በሰሜንና በደቡብ መካከል ባለው የመፈራረቅ ስምምነት ምክንያት የደቡቡ ሰው ጉድላክ ጆናታን ሥልጣን መያዛቸው ብዙዎችን አሳስቦ ነበር። ምክር ቤቶቹ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2010 ጆናታንን ተጠባባቂ ፕሬዝዳንት እስኪያደርጉ ድረስ አገሪቱ ለሳምንታት ያለ መሪ ቆየች። ሚዛን ለመጠበቅ የተመረጠው ምክትል ሥልጣን የመረከቢያው ጊዜ ሲደርስ ሚዛን የሚያፈርስ ሆኖ ታየ።

ዛምቢያ በተቃራኒው አቅጣጫ የመጣች ናት። ምክትሉ በፕሬዝዳንቱ የሚሾም በነበረበት ጊዜ ሌቪ ምዋናዋሳ በ2008፣ ማይክል ሳታ በ2014 በሥልጣን ላይ ሳሉ አርፈው አገሪቱ ሁለት ጊዜ አዲስ የፕሬዝዳንት ምርጫ ለማካሄድ ተገደደች። በ2016 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የተጣማሪ ዕጩን ሥርዓት ተቀበለች። ይህ እርምጃ የመተካካቱን ጥያቄ ይመልሳል፤ በኬንያና በማላዊ ያየነውን የሥራ ጥያቄ ግን አይመልስም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው፣ በተከፋፈለ ማኅበረሰብ ውስጥ አካባቢን ያመጣጠነ ጥምረት ራሱ የሰላም ዋስትና ነው የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ይህ ጽሑፍም ማመጣጠንን አይነቅፍም። ነገር ግን ሚዛኑ የግለሰብ ውለታ ሲሆንና የሕግ ድንጋጌ ሲሆን ልዩነት አለው። በታንዛኒያ ፕሬዝዳንቱ ከዋናው ምድር ከሆነ ምክትሉ ከዛንዚባር፣ ፕሬዝዳንቱ ከዛንዚባር ከሆነም ምክትሉ ከዋናው ምድር መሆን አለበት። ይህ የኅብረቱ ሕግ እንጂ የአንድ ሰው ድምፅ የማምጣት ችሎታ አይደለም። ጆን ማጉፉሊ በማርች 2021 ሲሞቱ ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን በሁለት ቀን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በቀጣዮቹ ዓመታት የታንዛኒያ ፖለቲካ የራሱ ብርቱ ችግሮች ቢኖሩትም፣ ርክክቡ ግን ያለ ክርክር ተፈጽሟል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለምክትሉ የራሱ ሥራ ከተሰጠው ሥራ አስፈጻሚው ሁለት ራስ ይኖረዋል የሚል ነው። የኬንያና የማላዊ ተሞክሮ እንደሚያሳየው ግን ሁለት ራስ የሚፈጠረው ምክትሉ ሥራ ሲያጣ ነው። ሥራ ያጣ ምክትል ወደ መጣበት አካባቢ ተመልሶ የራሱን ጎራ ያደራጃል። የተወሰነ ሥራ ያለው ምክትል ግን በሚያከናውነው ይመዘናል፤ ባጠፋም ጊዜ የሚጠየቅበት ነገር ይኖራል።

ሦስተኛው፣ ፕሬዝዳንቱ ምክትሉን እንዲያሰናብት ይፈቀድለት የሚል ነው። የባንዳ ጉዳይ ይህን ይመልሰዋል። ምክትልን ማሰናበት ቢቻል ኖሮ በኤፕሪል 2012 ማላዊ የምትረከባት ሕጋዊ ሰው አይኖራትም ነበር። የናይጄሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2007፣ በኦባሳንጆና በአቲኩ አቡበከር ክርክር፣ ፕሬዝዳንቱ ምክትሉን በራሱ ሥልጣን ከቦታው ሊያነሣ እንደማይችል ወስኗል። ይህ ጥበቃ ሊነካ አይገባም።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ የፕሬዝዳንትነት ዕጩ ተጣማሪውን ሲያስመዘግብ ምክትሉ ስለሚሠራው ሥራ በሁለቱም የተፈረመ አጭር ሰነድ አብሮ ያቅርብ፤ ምርጫ አስፈጻሚውም ለሕዝብ ይፋ ያድርገው። ፕሬዝዳንቱ በኋላ ሥራውን መለወጥ ቢፈልግ ምክንያቱን በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ያሳውቅ። ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው የሚችል ግዴታ መሆኑ የግድ አይደለም፤ ለመራጭ የተገባና ሲፈርስ የሚታይ ቃል መሆኑ ይበቃል። ለዚህ ቅርበት ያለው ልምድ በአሜሪካ ይገኛል። በ1976 ጂሚ ካርተርና ዋልተር ሞንዴል ከተመረጡ በኋላ፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፣ ሞንዴል የምክትሉን ድርሻ በጽሑፍ አቅርበው ካርተር ተቀበሉት። ምክትሉ የፕሬዝዳንቱ አጠቃላይ አማካሪ ሆኖ ምስጢራዊ መረጃዎች ሁሉ እንዲደርሱትና በዋይት ሐውስ ውስጥ ቢሮ እንዲኖረው ተደረገ፤ ተከታዮቹም በአብዛኛው ይህን ፈለግ ተከተሉ። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ስምምነቱ ከምርጫው በፊትና በአደባባይ ይሁን የሚል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የተጣማሪው ስም ይፋ የሚሆንበት ጊዜ ይራዘም። ሊረከብ የሚችል መሪ ከዋናው ዕጩ ባልተናነሰ ሊመረመር ይገባል።

ሦስተኛ፣ አካባቢን የመወከሉ ሸክም ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይውረድ። የኬንያ ሕገ መንግሥት ለዚህ የሚሆኑ መሣሪያዎች አሉት፤ አሸናፊው ከግማሽ በሚበልጡት አውራጃዎች ከተሰጠው ድምፅ ቢያንስ 25 በመቶ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ የመንግሥቱ ሥራ አስፈጻሚ የአገሪቱን ብዝኃነት እንዲያንጸባርቅ ያዛል፤ ለ47 አውራጃዎች የራሳቸውን አስተዳደር ይሰጣል። እነዚህ በቅንነት ሲሠሩ ምክትሉ የአካባቢው «አክሲዮን» መሆኑ ይቀራል።

ማጠቃለያ

በአገራችን ሥርዓቱ ፓርላማዊ በመሆኑ ተጣማሪ ዕጩ የሚባል ነገር የለም። ይሁንና በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 75 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተለይ የሚሰጡትን ተግባራት እንደሚያከናውን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜም እንደሚተካ ተደንግጓል። ከኬንያው አንቀጽ 147 ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ በ2012 የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ሞት ተከትሎ የምክትሉ ቦታ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አይተናል። ስለዚህ የጎረቤቶቻችን ተሞክሮ ለሕግና ለፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎቻችን የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም። በተለይ ምክትሎች በሥልጣን ዘመናቸው የተመደበላቸው ሥራ፣ የተሰጠበትና የተነጠቀበት ጊዜ በሰነድ ተሰብስቦ በአገሮች መካከል ቢነጻጸር፣ እዚህ በአራትና በአምስት ምሳሌ የተደገፈው መከራከሪያ በሰፊው ሊፈተን ይችላል።

እስከዚያው ድረስ፣ ተጣማሪ ዕጩ በቀረበ ቁጥር መራጩም ጋዜጠኛውም ከ«ስንት ድምፅ ያመጣል?» ጋር አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነው፦ ከተመረጠ በማግሥቱ ምን ይሠራል? ዕጩው ለዚህ መልስ ከሌለው፣ ያቀረበልን የፕሬዝዳንትነቱን ግማሽ ብቻ ነው።